ነፋስ፣ ነፍስ፣ ትንፋሽ

ኅዳር 19 ቀን 1970

ዛሬ መሥሪያ ቤት ፊደል ተከፋፈልን። ለእኔ «ነ» ደረሰኝ። ሳቁብኝ። ነገረኛ፣ ነጭናጫ፣ ነዝናዛ... ሁሉም እዚያው ስላለ ለአንተ የተፈጠረ ፊደል ነው አሉኝ። መዝገበ ቃላቱ መቼ እንደሚያልቅ እግዜር ይወቀው። እኔን ሞት የሚያገኘኝ «ነ» ላይ ሳለሁ ይመስለኛል።

ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት እስክደርስ አቧራ ጠገብኩ። ነፋስ ስልክ ስሙን አያሳፍርም። ትሩፋት እግሯ አብጧል፤ ወሯ ገብቷል። ገና ኮቴን ሳላወልቅ ያንኑ ጠየቀችኝ። «ሙሉሰውን ያየ አላገኘህም?» አላገኘሁም። ወንድሟ ከዩኒቨርሲቲ ከጠፋ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ቀበሌ ስሙን በስብሰባ ላይ ሁለቴ አንብቦታል። አስም ያለበት ልጅ በዚህ ብርድ የት ያድር ይሆን? ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ገና በር ላይ ሳለ ነው የምናውቀው።

ኅዳር 24

በቅደም ተከተል መሄድ ሰለቸኝ። ዘልዬ «ነፈሰ» ላይ ወደቅሁ። ወደቅሁ ነው የሚባለው... ማለቂያ የለውም። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፣ ትንፋሽ፣ መናፈሻ። መሪጌታ ገብረ መድኅን ጠረጴዛ ሄድኩ። የግዕዙ ነገር ሲቸግረን የምንሄደው እሳቸው ዘንድ ነው።

«የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አሉኝ። «ውጭ ሲሆን ነፋስ ትለዋለህ። ሰው ውስጥ ሲገባ ነፍስ።»

«ሲወጣስ መሪጌታ?»

«ሲወጣማ የት ይሄዳል? ተመልሶ ነፋስ ነዋ።» ሳቁ። እኔም ለይሉኝታ ሳቅሁ።

«ነፍሰ ጡር» የሚለው ሁልጊዜ ግራ ያጋባኝ ነበር። «ጡር» ከየት መጣ? ትግርኛው ሳይለወጥ ይዞታል፤ ነፍሰ ጾር ይላሉ። ጾረ ማለት ተሸከመ ነው። ነፍስ ተሸካሚ ማለት ነው እንግዲህ። ማታ ለትሩፋት ነገርኳት። «እኔ የተሸከምኩት ነፍስ ሳይሆን ኩላሊቴን የሚራገጥ በቅሎ ነው» አለችኝ።

ታኅሣሥ 6

ወንድ ልጅ። ዛሬ ጠዋት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ተመስገን።

ታኅሣሥ 8

ቤቱ የእኔ መሆኑ ቀርቷል። የትሩፋት አክስት እትዬ ተሾመች ከቡልጋ መጥተው ገዥ ሆነዋል። የጓዳው በር ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ። የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወተፈ። ከትራሷ ሥር ቢላዋ ገባ። ወንድ የሚባል እስከ ክርስትና ድረስ መጋረጃውን አያልፍም። እኔም ጭምር!

«አባትየው ነኝ እኮ» አልኳቸው።

«አባትም ቢሆን ከደጅ ነፋስ ይዞ ይገባል። አራስ ደግሞ ነፋስ ከመታት አትነሳም።»

ልጄን መጋረጃው ጋ አምጥተው ያሳዩኛል፤ ልክ እስረኛ እንደሚጠየቅ። እኔ ሳሎን፣ አግዳሚው ላይ እተኛለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ማዶ የሦስቱን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ የትሩፋት፣ የእትዬ ተሾመች፣ የልጁ። ደስ ይላል። እውነቴን ነው።

ታኅሣሥ 11

ሙሉሰው ሞቷል።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ከአውቶቡስ አስወረዱን። ከመንገዱ ዳር ሦስት ልጆች ወድቀዋል። ደረታቸው ላይ... አይ። አልጽፈውም። እንድናይ ነው ያስወረዱን። አብዮት ጠባቂዎቹ የሚያዩት ሬሳውን ሳይሆን የእኛን ፊት ነበር። ማን ይደነግጣል? ማን ያለቅሳል?

የመጨረሻው በግንባሩ ተደፍቷል። ግራጫ ጃኬት። ክርኑ ላይ ቡናማ እራፊ። እራፊውን የሰፋችው ትሩፋት ናት፤ እኔ ነኝ መብራቱን የያዝኩላት። ፊቱን አላየሁም። ገልብጡልኝ ይባላል? አንድ እርምጃ ብራመድ አራተኛው እኔ ነበርኩ። ቆሜ ወደ ሰማይ አየሁ። ከዚያ «ቀጥሉ» አሉን፤ ቀጠልን። ወንድሜን ያህል ልጅ መንገድ ላይ ጥዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ማታ እትዬ ተሾመችን ጓሮ ጠርቼ ነገርኳቸው። አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ።

«አራስ ናት። ብትሰማ ወተቷ ይደርቃል፤ ልጁንም ታጣዋለህ፣ እሷንም ታጣታለህ። ክርስትናው ይለፍ፣ ያኔ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል።»

ትንፍሽ። ያው ቃል ነው። ስሙን ከዛሬ በኋላ እዚህ ላይ አልጽፍም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ታኅሣሥ 14

የምፈራው ጥያቄዋን ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስ አውቶቡስ ውስጥ ስለማመድ ነው የምውለው። «አላየሁትም» ብቻ በል... ድምፅህ አይንቀጥቀጥ...

አልጠየቀችኝም። ትናንትም አልጠየቀችም። ከትናንት ወዲያም። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ስትጠይቀኝ የኖረች ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለች። ማን ነገራት?

ታኅሣሥ 18

ጎረቤታችን ዙሌካ አጥሚት ይዛ መጣች። በአጥር ነው የምትገባው፤ በኋላ በር። አባቷ ስልጤ አገር ቁርኣን ያስቀሩ፣ ማለትም ያስተምሩ፣ ስለነበር ዐረብኛ ትሰማለች። መጋረጃው ጋ ቆማ አገኘኋትና ስለ ቃሌ ጠየቅኋት።

«ነፍስ እኛም ጋ ነፍስ ናት ጋሼ አስረስ። ነፈስ ደግሞ ትንፋሽ። ኒፋስ ካሉ ግን አራስነት ነው፤ የወለደች ሴት ደሙ እስኪቆምላት ያለው ጊዜ። አርባ ቀን።»

«ነፋስ ስልክ ብንልስ?»

«ስልክ ሽቦ ነው።» ሳቀች። «የአራስ ሽቦ ይሆናላ።»

እኔ እንደሰማሁት ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጥንቱ ሽቦ አልባ ስልክ ነው። ወሬ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚመጣበት ቦታ ማለት ነው። ከየት ይመጣል? ከማን? ትንሽ ልጅ ሳለሁ ይህን ሳስብ እፈራ ነበር፤ ዛሬም ፈራሁ።

ዙሌካ ጓዳ ስትገባ ሁለት ጣሳ ይዛ ነበር። እትዬ ተሾመች የጾም ነገር አይደራደሩም፣ ቅቤ ያለበት አይቀምሱም። ሁለተኛው የማን ነው?

ታኅሣሥ 23፣ እሑድ

ቀትር ላይ። እትዬ ተሾመች ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። አግዳሚው ላይ ተጋድሜ ማዳመጥ ያዝኩ። የትሩፋት ትንፋሽ ይታወቃል፤ ረጅም ነው፣ ስትጨርስ ትንሽ ታቃስታለች። የልጁ ፈጣን ነው፣ እንደ ጫጩት።

ሌላ አለ።

ሲር... ሲር... ቀስ ብሎ ይሳባል፣ መሃል ላይ ይያዛል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ይህን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመት በዚህ ቤት ውስጥ ሰምቼዋለሁ።

«ትሩፋት?» አልኩ። ሁሉም ትንፋሽ ባንዴ ቆመ። የልጁም ጭምር መሰለኝ። «አቤት» አለች ቆይታ። «ማን አለ እዚያ?» «ማን ይኖራል? ነፋሱ ነው፤ ጨርቁ ከመስኮቱ ወልቆ።»

ተነስቼ ውጭ ወጣሁ። ከጓሮ በኩል መስኮቱን አየሁት። ጨርቁ አልወለቀም። ዛፉም ቅጠሉን አላነቃነቀም። ነፋስ አልነበረም።

ታኅሣሥ 26

መሥሪያ ቤት ዋልኩ እንጂ አልሠራሁም። ታይፕ የምትመታልን ደራርቱ «ምነው ከሳህ?» አለችኝ። ለማምለጥ ስለ ቃሉ ጠየቅኋት። በኦሮምኛ ነፋስ ቂሌንሳ ነው አለች። ትንፋሽ ግን ሃፉራ። መንፈስ የሚባለውም ያው ሃፉራ ነው። እነሱም ጋ መንፈስና ትንፋሽ አንድ ቃል! ሳይመካከሩ፣ ዘር ሳይጋሩ። ከዚያ የዕብራይስጡን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ነፌሽ፤ ነፍስ። ግን ጉሮሮ ማለትም ነው ይላል። አየሩ የሚያልፍበት ቦታ።

እንግዲህ ሁሉም የተስማሙበት ነገር አለ። ሰው ሲሞት የሚወጣው ነገር አየር ነው። አየር ደግሞ በስንጥቅ ይገባል። እትዬ ተሾመች ስንጥቁን ሁሉ የደፈኑት እንዳይገባ ነው ወይስ ከገባ በኋላ እንዳይወጣ?

ምን ነካኝ? ዲግሪ አለኝ እኮ። ለመሪጌታ ልነግራቸው አሰብኩ... ምን ብዬ? የሞተው የሚስቴ ወንድም ከአራስ ቤት ገብቶ ገንፎ ይበላል? ሳህኑ ተልሶ ነው የሚወጣው። ትሩፋት ግማሽ ጨርሳ አታውቅም።

ጥር 1

ገና አለፈ። ዶሮው እንደ ጢስ ጠፋ።

አለቃችን ለ«አናፈሰ» ያቀረብኩትን ምሳሌ ጣለው። «ገበሬው እህሉን አናፈሰ» ብዬ ነበር። «ፀረ አብዮተኞች የሐሰት ወሬ ያናፍሳሉ» በል አለኝ። እሺ አልኩ። የእኔ ፍርሃት ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ምሳሌ ለመከራከር አቅም የለኝም።

ትሩፋት ዛሬ በመጋረጃው ውስጥ አናገረችኝ። «አስረስ፣ የምትደብቀኝ ነገር አለ?» አለች። የለም አልኩ። ከዚያ፣ ለእኔ ሳይሆን ወደ ውስጥ ዞራ፣ «ሰማኸው?» ስትል ሰማኋት። ለማን ነው? ልጁ እንደሆነ ገና አንገቱ እንኳ አልጸናም።

ጠበል የሚረጭ ቄስ ልጥራ? ሐኪም? ልትታመምብኝ ነው። ሚስቴ እዚያ ውስጥ ከሙት ጋር እያወራች ነው፤ እኔ ከደጅ ሆኜ እሰማለሁ። የፈራሁት ይኸው መጣ። ሳልነግራትም መታት።

ጥር 5

ጠዋት አሰሳ መጣ። ሰፈሩን ከአራቱም ማዕዘን ዘጉት። ቤታችን አራት ሆነው ገቡ። ሁለቱ የቀበሌ ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ። ሁለቱ ከገጠር የመጡ ሚሊሺያ ናቸው። ፍራሽ ገለበጡ፣ ቁም ሣጥን በረበሩ። ከሚሊሺያዎቹ ትልቁ ወደ ጓዳው ሄደ። እትዬ ተሾመች መጋረጃው ፊት ቆመዋል። እጃቸውን እንኳ አልዘረጉም።

«አራስ ናት ልጄ» አሉት።

ትልቁ ሚሊሺያ ቆመ። «አራስ ቤት አንገባም እኮ ጓዶች» አለ ለቀበሌዎቹ፣ የሚያፍር ይመስል።

ያኔ ከውስጥ መጣ። ሲር... ሲር... አሁንማ ጎልቶ። በደንብ የማይያዝ፣ የሚታፈን፣ የሚያመልጥ ትንፋሽ።

የቀበሌው ሰው ጆሮውን አዞረ። «ማነው የሚያቃስተው?»

ለምን እንዳደረግሁት እስከ አሁን አላውቅም። ሙት አይታሰርም። ሙትን ማንም አይሸሽግም። ግን ደረቴን ይዤ ሳልኩ። ትንፋሼን እየሳብኩ፣ ሲር ሲር እያደረግሁ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳልኩ። «እኔ ነኝ... ነፋስ መቶኝ...» አልኩ። እንባው የውሸት አልነበረም። የቀበሌው ሰው ፊቴን አየው። ቀና ብዬ አየሁት። ስለ ሚስቴ ወንድም ሞት ሰምቶ ኖሮ፣ ደግሞም እንደማውቅ ገብቶት ኖሮ፣ ዓይኑን ሰበረ። «እንሂድ» አለ።

ከሄዱ በኋላ መጋረጃውን ገለጥኩ። እትዬ ተሾመች አልከለከሉኝም።

ትሩፋት አልጋው ላይ ናት፣ ልጁን ታቅፋ። ከአልጋው ማዶ፣ ከግድግዳው ጋር፣ የእሷን ጋቢ ተከናንቦ ሙሉሰው ተቀምጧል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አፉን በትራስ አፍኖ ነበር። ዓይኔን እያየ «ጋሼ» አለኝ።

መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት።

ጥር 6

ይህን መጻፍ እብደት ነው። ነገ ገጹን እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ። ግን ለማን ልተንፍስ?

ታኅሣሥ 11 ነው የመጣው። ያንኑ ቀን ማታ! እኔ ጓሮ ላይ ሞቱን ተናግሬ ወደ ሳሎን ስገባ፣ እሱ በዙሌካ አጥር በኩል ገባ። እትዬ ተሾመች መንፈስ መስሏቸው ጮኸው ሊወድቁ ነበር። ከዚያ አሰቡ። ወንድ የማይገባበት ቦታ በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው።

«ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ። ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። ከሦስት ሳምንት በላይ አዘንኩ፤ ሙት አዳመጥኩ።

መልሱን የሰጠችኝ ትሩፋት ናት። «ፊትህ ነገር አይደብቅም አስረስ። ብታውቅ ደስ ይልህ ነበር፤ ደስታህን ደግሞ ሁሉም ሰው ያይ ነበር። አንተ ስላዘንክ ነው ሞቷል ብለው ያመኑት።» አቀርቅራ ነው የተናገረችው። «ስትሰቃይ እሰማ ነበር። ቀን ቀን አለቅስልህ ነበር።»

እውነቷን ነው። አቀፍኳት። ሙሉሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከዚያ ነው የጠየቅሁት። አለመጠየቅ እችል ነበር... ጃኬቱስ?

ትንፋሹ ተያዘ። «መዝገቡ በርዶት ነበር» አለ።

መዝገቡን አውቀዋለሁ። አብሮት የተማረ ልጅ ነው፤ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ነው ቤታቸው። ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። እናቱ ሬሳ አላዩም፤ ልጃቸው ሸሽቷል፣ ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ። ብነግራቸው ይጮኻሉ። ከጮኹ፣ በጃኬቱ የወደቀው መዝገቡ መሆኑ ይታወቃል፤ የሙሉሰው ስም እንደገና ይነበባል። ካልነገርኳቸው...

አራሷን ለማዳን አርባ ቀን ዝም በል ተብዬ ነበር። አሁን ግን ቀን አልተቆረጠልኝም።

ጥር 13

ሄደ። በዙሌካ ባል መኪና፣ ከባዶ ጆንያ ሥር፣ ወደ ቡታጅራ። ኬላውን ማለፉን ዙሌካ ከሰዓት ላይ በአጥር ነገረችን። አንድ ቃል ብቻ፤ «አለፈ።»

ትሩፋት ስቃ አለቀሰች። ጓዳው ባዶ ሆነ። ግን ሳሎን ሆኜ ሳዳምጥ... ያ ሲር ሲር ቀርቷል። ሌላ ነው ያለው። ቀስ ያለ፣ ጤነኛ፣ የወጣት ትንፋሽ። አንድም ጊዜ አይያዝም። ትሩፋትን ጠየቅኋት። አንተም ትሰማዋለህ? አለችኝ።

ጥር 15

ልጁ ክርስትና ተነሳ። መጋረጃው ወረደ።

ጥር 17

መርዶው ዛሬ ነበር። ልንከለክለው አልቻልንም። ዘመዶቿ ሁሉ ሙሉሰው እንደሞተ ከእኔው ፊት አውቀዋል፤ አራስነቷ እስኪያልቅ ጠብቀዋል። አሁን ጠዋት በማለዳ ተሰብስበው መጡ። ምን ብለን እንመልሳቸው? ተረድታ ማልቀስ ነበረባት። አለቀሰች።

እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ጩኸት ክልክል ነው። በር ተዘግቷል። አሥር ሰው አፉን በነጠላ ይዞ ይወዛወዛል፤ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ቤቱ በሙሉ ይተነፍሳል። እኔ ደረቅ ዓይኔን ሸፍኜ ተቀመጥኩ። ያቺ ሌላኛዋ ትንፋሽ ከሁሉም መሃል ትለያለች። ከጓዳው ነው የምትመጣው። ያልተለቀሰለት መዝገቡ ብቻ ነው።

ጥር 18

ከሰዓት በኋላ የመዝገቡ እናት ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ከብስራተ ገብርኤል በእግራቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ትሩፋት ስታያቸው ከልቧ ተንሰቀሰቀች፤ ትናንት እንደዚያ አላለቀሰችም። እሳቸው አቅፈው አባበሏት። «ወንድምሽ ቤቴ በልቶ ያደገ ልጅ ነው፤ እኔም ልጄን ነው ያጣሁት» አሏት። ስለ ሙሉሰው እያወሩ ደረታቸውን መቱ፣ ደጋግመው።

አፌን ከፈትኩ። ትሩፋት አየችኝ። አየር ብቻ ወጣ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያየኸው አንተ ነህ አሉኝ። ተሠቃይቶ ነበር?»

«የለም እማማ» አልኳቸው። «የተኛ ነበር የሚመስለው።» ፊቴ አልተንቀጠቀጠም። ነገር መደበቅ ተምሯል።

«ተመስገን» አሉ። «የሙሉሰው እናት በሕይወት ኖራ ይህን ብትሰማ መልካም ነበር።» እንባቸውን ጠረጉ። ልጁን ታቅፈው ሳሙት፣ መረቁት። ምሳ ቅመሱ ብንላቸው እንቢ አሉ። መዝገቡ ድንገት ከመጣ በሩ ተዘግቶ እንዳያገኘው ቶሎ መሄድ አለባቸው። እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ሸኘኋቸው።